ፊርማ ያረፈበት ካርድ፦ የተጫዋቾችን ዘመን በጣና ዳር ማቆየት

የእግር ኳስ ካርድ የሚባለው ከመዳፍ የማይበልጥ ጠንካራ ወረቀት ሲሆን፣ በፊቱ የአንድ ተጫዋች ምስል፣ በጀርባው ደግሞ የተጫዋቹ ስም፣ የትውልድ ዘመኑ፣ የተሰለፈባቸው ክለቦችና ያስቆጠራቸው ግቦች ይታተሙበታል። እንዲህ ያለው ካርድ ብዙ ቅጂ ስላለው በራሱ ብርቅ አይደለም፤ ተጫዋቹ በገዛ እጁ ሲፈርምበት ግን ከብዙዎቹ አንዱ መሆኑ ይቀርና ያ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ ከካርዱ ባለቤት ፊት እንደቆመ የሚመሰክር ሰነድ ይሆናል።

ልማዱ የተጀመረው በእንግሊዝ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ በብራድፎርድ ከተማ ጆን ቤይንስ የተባለ ነጋዴ በጋሻ ቅርጽ የተቆረጡ የክለብ ካርዶችን እያተመ ለሕፃናት ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሲጋራ ፋብሪካዎች በየፓኬቱ የተጫዋች ምስል መክተትን ያዙ፣ ምክንያቱም ካርዱ ስሱ ፓኬት እንዳይጨማደድ ከመደገፉም በላይ ገዢው ስብስቡን ለመሙላት ሲል ደጋግሞ እንዲገዛ ይገፋፋው ነበር። በጣሊያኗ ሞዴና በ1961 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ፓኒኒ ደግሞ ከ1970ው የሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ጀምሮ በአልበም ላይ የሚለጠፉ ምስሎችን ለዓለም አዳረሰ። በጀርመን ያለው ልማድ ግን ለፊርማ ሰብሳቢ ከሁሉም ይበልጥ ይቀርባል፤ በዚያ ክለቦች በየዓመቱ የእያንዳንዱን ተጫዋች ካርድ ለፊርማ ብለው ያሳትማሉ፣ ደጋፊም በፖስታ ሲጠይቅ የተፈረመ ካርድ ይላክለታል።

በባሕር ዳር የተጫዋች ምስል ወደ ሕዝብ የሚደርሰው በሌላ መንገድ ነው። በፀጉር ቤት ግድግዳ፣ በባጃጅ የኋላ መስታወት፣ ጨዋታ በሚታይባቸው የዲኤስቲቪ ቤቶች በር ላይ የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ተጫዋቾች ተለጥፈው ይታያሉ፤ በከተማው ስታዲየም ግብ ያስቆጠረ ኢትዮጵያዊ ግን እምብዛም አይታይም። ስለዚህ በዚህ አገር የሚሰበስብ ሰው ታሽጎ የሚሸጥ ካርድ እስኪመጣ ሊጠብቅ አይገባውም። በፎቶ ቤት በፖስት ካርድ ልክ የታጠበ ፎቶግራፍ፣ የጨዋታው የመግቢያ ትኬት ወይም የቡድኑ የጋራ ምስል ተጫዋቹ ከፈረመበትና በጀርባው ቀኑ፣ ተጋጣሚውና ውጤቱ ከተጻፈበት፣ ፋብሪካ ያተመው ካርድ የሚሰጠውን አገልግሎት ሁሉ ይሰጣል፤ እንዲያውም በጀርባው የሰፈረው ጽሑፍ ጨዋታውን ባየ ሰው እጅ የተጻፈ ስለሆነ ከታተመው የበለጠ ክብደት ሊኖረው ይችላል።

ለእንዲህ ያለ ስብስብ ባሕር ዳር የበለጸገ ዘመን አሳልፋለች። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን እስከዚያ ጊዜ ሁለት ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫን ወስዳ የነበረችውን ኮትዲቯርን በባሕር ዳር ስታዲየም 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ ግቦቹን አስቆጠሩ። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚያው ሜዳ ማዳጋስካር 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አማኑኤል ገብረሚካኤል፣ ጌታነህ ከበደ፣ አቡበከር ናስርና ሽመልስ በቀለ ያስቆጠሩባት ያች ጨዋታ ቡድኑን ካሜሩን ወዳዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ ደጃፍ ላይ አደረሰችው። የአራቱን ግብ አግቢዎች ፊርማ በአንድ የጨዋታ ምስል ላይ ያኖረ ሰው ካለ፣ የያዘው ነገር አራት የተለያዩ የሕይወት መንገዶች የተገናኙበት መስቀለኛ ነው። ሽመልስ ከሐዋሳና ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነሥቶ በግብጹ ፔትሮጄት ለዓመታት የተጫወተ አማካይ ነው፤ ጌታነህ ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄዶ ተመልሷል፤ አቡበከር በዚያው የ2013 የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግቦችን አስቆጥሮ የፕሪሚየር ሊጉን ክብረ ወሰን ከሰበረ በኋላ ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አቅንቷል። ካርድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ውጤቱ በጋዜጣ ሊገኝ ይችላል፣ ሰዎቹ ከየት መጥተው በአንድ ቀን እንደተገናኙና ወዴት እንደተበተኑ ግን የሚታወሰው ፊርማዎቹን አንድ በአንድ እየተከተሉ ሲሄዱ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው የ2005 ዓ.ም. ቡድን፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ከ31 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያን ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሰው፣ በሰብሳቢዎች ዘንድ ልዩ ፍቅር ሊሰጠው ይገባል። ሱዳን በኦምዱርማን 5 ለ 3 ካሸነፈች በኋላ በአዲስ አበባ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ግቦች 2 ለ 0 ተረታች፣ ኢትዮጵያም ከሜዳ ውጭ ባስቆጠረቻቸው ግቦች አለፈች። አዳነ በደቡብ አፍሪካው ውድድርም የወቅቱ የዋንጫ ባለቤት በነበረችው ዛምቢያ ላይ የአቻነቱን ግብ አስቆጠረ። ሳላዲን በግብጽ፣ በቤልጂየምና በአልጄሪያ ስለተጫወተ ምስሉ በብዙ ማሊያ ይገኛል፤ የብሔራዊ ቡድኑን ማሊያ ለብሶ የፈረመበት ግን ከሁሉ ይበልጥ ሊፈለግ የሚገባው ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የ1954 ዓ.ም. ትውልድ ጉዳይ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ኢትዮጵያ፣ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ተብላ ትጠራ የነበረችውን ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫዋን ስትወስድ፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። አሥመራ ተወልዶ በድሬዳዋው ኮተን ክለብ የተጫወተው ሉቻኖ በደርግ ዘመን ወደ ጣሊያን ተሰደደ፣ የሕይወቱንም ታሪክ በጣሊያንኛ ጻፈ፤ በ2015 ዓ.ም. መባቻም በዚያው በስደት አገሩ አረፈ። የቡድን ጓደኛው መንግሥቱ ወርቁ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውቶ፣ በአፍሪካ ዋንጫ መድረኮች 10 ግቦችን አስቆጥሮ፣ በኋላም በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኖ ወደ ሊቢያው ውድድር ካደረሰ በኋላ በ2003 ዓ.ም. ዐረፈ። የ1954ቱ ቡድን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ደግሞ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ስለሠራ ፊርማው ከምስል ይልቅ በደብዳቤዎች ግርጌ ይገኛል። ከእነዚህ ሰዎች አዲስ ፊርማ ማግኘት አይቻልም፤ ያለው በቤተሰብ አልበም፣ በአሮጌ ሣጥንና በክለብ መዝገብ ቤት ያለው ብቻ ነው፣ እሱም ማን እንደሆነ ሳይጻፍበት ሲቀር ከአንድ ትውልድ በኋላ ስም የለሽ ወጣት በቁምጣ ከመሆን አይዘልም።

የኢትዮጵያን ተጫዋቾች የሚሰበስብ ሰው የሚገጥመው ሌላው ችግር የስም አጻጻፍ ነው። የአውሮፓ መዝገቦች ሰውን በመጨረሻ ስሙ ስለሚደረድሩ ጌታነህ በአባቱ ስም «ከበደ» ተብሎ ይቀመጣል፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነውና በቼክ ብሔራዊ ቡድን፣ ከ2012 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጀርመኑ ቬርደር ብሬመን የተሰለፈው ቴዎዶር ገብረሥላሴም የሚታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። በላቲን ፊደል የሳላዲን ስም ቢያንስ በሁለት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። የዘመን አቆጣጠሩም ልዩነት ሲጨመርበት አንዱ ጨዋታ እንደ ሁለት ሊቆጠር ስለሚችል፣ በካርዱ ጀርባ ሁለቱንም ቀን መጻፍና ስሙን በፊደልም በላቲንም ማስፈር ብዙ ስሕተት ይከላከላል። ተጫዋቹ በፊደል ቢፈርም ደግሞ የተሻለ ነው፤ የአንድ ሰው እጅ በልጅነቱ በተማረበት ፊደል ሲጽፍ ይበልጥ ራሱን ይመስላልና።

የእጅ ፊርማን ከታተመ ፊርማ ለመለየት ካርዱን በብርሃን ፊት ዘንበል አድርጎ ማየት ይጠቅማል። በእስክሪብቶ የተፈረመው ወረቀቱን በመጠኑ ስለሚሰረጉደው በጣት ይዳሰሳል፣ የማርከሩ ቀለም ከምስሉ በላይ ተደርቦ ያበራል፤ የታተመው ግን ከምስሉ ጋር አንድ ሆኖ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን ነጥቦች ይሆናል። ፀሐይ ቀለሙን ታደበዝዘዋለች፤ በጣና ሐይቅ ዳር ደግሞ የክረምቱ እርጥበት ፎቶግራፎችን እርስ በርስ ያጣብቃል፣ ሻጋታም ያስነሣል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ካርድ ለብቻው በፕላስቲክ ከረጢት ገብቶ ከወለል ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ቢቀመጥ ይመረጣል። ይህ ጥበብ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ በጣና ደሴቶች ያሉ ገዳማት የብራና መጻሕፍታቸውን በቆዳ ማኅደር ከትተው ለብዙ መቶ ዓመታት አቆይተዋል፣ ጸሐፊዎቹም በመጽሐፉ መጨረሻ ስማቸውንና ያስጻፈውን ሰው ስም ያኖሩ ነበር።

ወደ ባሕር ዳር ስታዲየም ስንመለስ፣ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ በባሕር ዳር 3 ለ 1 ስታሸንፍ ጌታነህ ከበደ ከሩቅ አክርሮ የመታት ኳስ መረብ ላይ አረፈች። ከአንድ ወር ያህል በኋላ ከጋና ጋር የተደረገው የኢትዮጵያ የሜዳዋ ጨዋታ ግን ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ፣ ስታዲየሙ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ሳያሟላ ቀርቶ ነበርና። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ግብጽ ላይ ሁለት ግብ አስቆጥረው 2 ለ 0 ሲያሸንፉም ኢትዮጵያ በሜዳዋ ተጫወተች የተባለው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው፤ የዚያን ቀን የመግቢያ ትኬት በጣና ዳር ካሉ ስብስቦች ውስጥ ማግኘት ይከብዳል፣ የዳዋንና የሽመልስን ፊርማ በጨዋታው ፎቶግራፍ ላይ ማግኘት ግን ገና ይቻላል።