የሚያስቅ ሌባ

አዲስ አበባ ቦሌ ብንሄድ የብዙው ቤት አጥር ረጅም ነው፤ ዘበኛም ይቆምበታል። ሌባ ያስፈራላ! ይሁንና ሌባ የሚያስቅበት ፊልም አለ። ስሙ «ሆም አሎን» ነው፤ «ብቻውን በቤት» እንደ ማለት ነው። በ1983 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ታየ።

ቤተሰቡ ለፈረንጆች ገና በአውሮፕላን ሲሄድ የ8 ዓመቱን ኬቪንን ረስቶት ይሄዳል። ሁለት ሌቦች ይመጣሉ። ልጁ ደረጃው ላይ ውሃ ያፈስሳል፤ ውሃው በረዶ ሆኖ ሌቦቹን ያንሸራትታቸዋል። በቀለም ቆርቆሮም ይመታቸዋል።

ፊልም መርምረው ከሚጽፉት አንዳንዶቹ ታሪኩ አይመስልም አሉ። ሕዝቡ ግን ወደደው፤ በአሜሪካ 12 ሳምንት በገቢ አንደኛ ሆነ።

እኛም እንሳቅ፤ ግን ልብ እንበል። በእውነት እንዲህ የተመታ ሰው ሊሞት ይችላል። ደግሞም ሌቦቹ በመጨረሻ ልጁን ሲይዙት ብልሃቱ አላዳነውም። ያዳነው አካፋ ይዞ የደረሰ ሽማግሌ ጎረቤቱ ነው፤ ያውም ልጁ ይፈራው የነበረ ሰው። ረጅም አጥር ደግ ነው፤ ጎረቤት ግን ይበልጣል።