«ኦርጋኒክ» እና «ተፈጥሯዊ»፦ ውስን ገንዘብ የት ላይ ቢውል ይጠቅማል?

በአንድ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ሁለት እሽግ እንጆሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መልካቸው ይመሳሰላል፤ ክብደታቸውም እኩል ነው። አንደኛው «ኦርጋኒክ» የሚል ክብ ምልክት ስላለበት ግን ዋጋው ከሌላው ይበልጣል። ልጆች ያሉት ቤተሰብ እዚህ ላይ ይቸገራል። ርካሹን ቢገዛ ለልጆቹ መርዝ የሚያበላ ይመስለዋል፤ ውዱን ቢገዛ የሳምንቱ ወጪ ይናጋበታል። አንዳንዱ ሁለቱንም ትቶ ያልፋል። ከሦስቱ ምርጫዎች ጤናን ይበልጥ የሚጎዳው ይህ የመጨረሻው ነው። ውሳኔውን የሚያቀልለው ምልክቱ ምን እንደሚያረጋግጥና ምን እንደማያረጋግጥ ለይቶ ማወቅ ነው።

ምልክቱ ምን ያረጋግጣል?

በዩናይትድ ስቴትስ «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል ለምግብ ሲውል በሕግ የተጠበቀ ነው። ኮንግረስ ሕጉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ የግብርና ሚኒስቴሩ ዝርዝር ደንብና ክብ ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋሉት በ2002 ነው። በደንቡ መሠረት መሬቱ ምርቱ ከመሰብሰቡ በፊት ለ3 ዓመታት የተከለከሉ ኬሚካሎች ያልተረጩበት መሆን አለበት። አብዛኞቹ ሰው ሠራሽ ፀረ ተባዮችና ማዳበሪያዎች እንዲሁም ዘረ መላቸው የተለወጠ ዘሮች አይፈቀዱም። እርሻውም በየዓመቱ ይመረመራል። የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ተጨማሪ ጉልበትና ቁጥጥር ነው።

ምልክቱ ደረጃ አለው። ክቡን ምልክት ለመያዝ ከውሃና ከጨው ውጭ ካለው ግብዓት ቢያንስ 95 በመቶው ኦርጋኒክ መሆን ይኖርበታል። «ከኦርጋኒክ ግብዓቶች የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ የሚጠይቀው ግን 70 በመቶ ብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረትም በከዋክብት የተሣለው አረንጓዴ ቅጠል ቢያንስ 95 በመቶ ኦርጋኒክ ግብዓትን ያመለክታል። ሳይታሸግ በሚሸጥ ፍራፍሬ ላይ ደግሞ ትንሿን ተለጣፊ ወረቀት ማየት ይጠቅማል፤ በ9 የሚጀምር ባለ 5 አኃዝ ቁጥር ኦርጋኒክነትን ያሳያል።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ የለውም። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ደንብ ውስጥ ለቃሉ ዝርዝር ትርጓሜ አልተቀመጠለትም። ሰብሉ በፀረ ተባይ መረጨት አለመረጨቱንም አይናገርም። ስለዚህ ለዚህ ቃል ሲባል ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ትርፉ እምብዛም ነው።

ሳይንሱ ምን ይላል?

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ከ200 በላይ ጥናቶችን መርምረው ያሳተሙት ሥራ፣ ኦርጋኒክ ምግብ በንጥረ ነገር ይዘቱ ከመደበኛው በጉልህ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። በኦርጋኒክ ምርቶች ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት የመገኘቱ ዕድል ግን ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ማለት ኦርጋኒክ እርሻ ከፀረ ተባይ ፈጽሞ የጸዳ ነው ማለት አይደለም፤ ከዕፅዋት የሚገኙ መርዞችና የመዳብ ውህዶች በገደብ ይፈቀዳሉ።

በሌላ በኩል የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በየዓመቱ ከገበያ ናሙና ወስዶ በሚያደርገው ምርመራ፣ ከ99 በመቶ በላይ በሆኑት ናሙናዎች ላይ የሚገኘው ቅሪት የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ከወሰነው ጣሪያ በታች ነው። ስለሆነም ኦርጋኒኩን መምረጥ ቅሪትን ይቀንሳል፤ መደበኛው ጎመን ግን መርዝ አይደለም። አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትሮ መመገብ የሚሰጠው ጥቅም ከቅሪቱ ስጋት ያመዝናል።

ከየትኛው ይጀመር?

በጀቱ ሁሉንም ኦርጋኒክ ለመግዛት የማይበቃ ከሆነ ቅሪት የሚበዛባቸውን ማስቀደም ይቻላል። የአካባቢ የሥራ ቡድን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የመንግሥትን የምርመራ ውጤት መሠረት አድርጎ በየዓመቱ ዝርዝር ያወጣል። እንጆሪ፣ ስፒናችና ፖም ቅሪት ከሚበዛባቸው መካከል ደጋግመው ተጠቅሰዋል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሐበሻ ማዕድ የማይጠፋው ጎመን ተጨምሯል። በአንጻሩ ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ አናናስና ጣፋጭ በቆሎ ቅሪት ከማይበዛባቸው ወገን ናቸው። ለወጥ በብዛት የሚከተፈውን ሽንኩርት ከመደበኛው ገዝቶ፣ የተረፈውን ገንዘብ ለጎመኑ ማዋል አንድ ዘዴ ነው። ዝርዝሩ ግን ትችት ሲቀርብበት ቆይቷል፤ ለብዙ ዓመታት ደረጃ ያወጣ የነበረው በአብዛኛው ቅሪቱ መገኘቱንና ዓይነቱን ቆጥሮ እንጂ መጠኑ ጉዳት ማድረስ አለማድረሱን መዝኖ አልነበረም። ስለዚህ ለግዢ ቅደም ተከተል ያገለግላል እንጂ ምግብ ለመከልከያ መዋል የለበትም።

ማጠብም ይረዳል። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ፖምን በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ በልጣጩ ላይ ያሉትን ሁለት የተፈተኑ ፀረ ተባዮች እንዳስለቀቀ አሳይቷል። መጠኑ ለአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም፣ ማለትም 2 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ወደ ውስጥ የዘለቀው ቅሪት ግን በዚህ አይለቅም። ለዕለት ተዕለት ጥቅም በሚፈስ ውሃ እያሹ ማጠብ በቂ ነው፤ ሳሙና ግን አይመከርም።

ወጪ የሚቀንሱ መንገዶች

የትልልቅ መደብሮች የራሳቸው ስም ያለባቸው ኦርጋኒክ ምርቶች ከታዋቂዎቹ ምርቶች ብዙ ጊዜ ይረክሳሉ፤ ምልክቱ አንድ እስከሆነ ድረስ የሚዳኙትም በአንድ ሕግ ነው። በበረዶ የደረቁ አትክልትና ፍራፍሬዎች ከተለቀሙ ብዙም ሳይቆዩ ስለሚቀዘቅዙ ንጥረ ነገራቸው በአብዛኛው ይጠበቃል፤ በዋጋም ከትኩሱ ሊያንሱ ይችላሉ።

ለበዓል በሬ በቅርጫ መካፈልን ለለመደ ማኅበረሰብ በጅምላ ገዝቶ መከፋፈል አዲስ ነገር አይደለም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ሩዝና ጤፍ ለወራት ስለሚቆዩ፣ 11 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የ25 ፓውንድ ከረጢት ሦስት ወይም አራት ቤተሰብ ቢካፈለው የኪሎው ዋጋ ይቀንሳል።

በገበሬዎች ገበያ ደግሞ መጠየቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ ዓመታዊ የኦርጋኒክ ሽያጩ ከ5 ሺህ ዶላር የማይበልጥ አምራች የምስክር ወረቀት እንዲያወጣ አይገደድም፤ ደንቡን መከተል ግን አለበት፤ ክቡን ምልክትም መለጠፍ አይችልም። ተባይን በምን እንደሚከላከል ቢጠየቅ መልሱ ብዙ ያስረዳል። በተለምዶ ፉድ ስታምፕ በሚባለው ድጋፍ ኦርጋኒክ ምግብም መግዛት ይፈቀዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 በዲትሮይት የተጀመረውና ወደ ሌሎች ግዛቶች የተስፋፋው «ደብል አፕ ፉድ ባክስ» ደግሞ በድጋፉ ለተገዛ አትክልትና ፍራፍሬ ተመጣጣኝ ጭማሪ ይሰጣል።

ለገላ የሚውሉ ምርቶች

በቅባት፣ በሻምፑና በሳሙና ላይ የሚጻፈው «ተፈጥሯዊ» ከምግቡም ይልቅ ልቅ ነው። የአሜሪካ ሕግ ቃሉን ለመዋቢያዎች አልተረጎመውም፤ ከቀለም ማቅለሚያዎች በቀር መዋቢያዎች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ከፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ትቶ ከጀርባ ያለውን የግብዓት ዝርዝር ማንበብ ይሻላል። ግብዓቶች የሚደረደሩት ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው። ስሙ «የእሬት ቅባት» ሆኖ እሬት ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ከተገኘ፣ በውስጡ ያለው እሬት ጥቂት ነው። ሽቶ የሌለው ቫዝሊን ወይም አንድ ግብዓት ብቻ ያለው የኮኮናት ዘይት ለደረቀ ቆዳ በአነስተኛ ዋጋ ያገለግላል። ውሃ የገባበት ቤት ውስጥ የተሠራ ቅባት ግን መከላከያ ስለሌለው ቶሎ ይሻግታል፤ በማቀዝቀዣ አኑሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠቀም ያስፈልጋል።

ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። እንዶድ የአገር ቤት ሳሙና ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ የተገነዘቡት ግን ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን ነበር። ኩልም ከድንጋይ የሚፈጭ ተፈጥሯዊ ነገር ነው፤ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በእስያና በአፍሪካ ከሚሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ እርሳስ የተባለውን ብረት በብዛት ይዘው ተገኝተዋል። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። በአሜሪካ ኩል እንዲህ ባለ ይዘት መሸጥ ሕገ ወጥ ነው።

ከሁሉም የከፋው ቆዳ ለማንጣት በየሱቁ የሚሸጠው ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ነው። ሜርኩሪ ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል፤ በፎጣና በንክኪም ክሬሙን ወደማይቀቡ ሕፃናት ይደርሳል። በዕቃው ላይ «ሜርኩሪ»፣ «መርኩሪዮ» ወይም «ካሎሜል» የሚል ቃል ከተጻፈ፣ አልያም የግብዓት ዝርዝር ጨርሶ ከሌለ አለመጠቀም ይገባል። ሲጠቀሙበት የቆዩ ሰዎችም ሐኪም ቢያማክሩ ይመከራል።

ስለዚህ ገንዘብ ውስን ሲሆን ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ሜርኩሪ ያለበትን ክሬምና ምንጩ የማይታወቀውን ኩል ከቤት ማስወጣት፤ ይህ አንድም ሳንቲም አያስወጣም። ቀጥሎ አትክልትና ፍራፍሬን፣ ኦርጋኒክ ሆነም አልሆነ፣ በየቀኑ ከማዕድ አለማጥፋት። ከዚያ የተረፈ ካለ ለጎመኑና ለእንጆሪው ክቡን ምልክት ፈልጎ መግዛት ይቻላል።