ስለ ጉልበት ወለምታ፤ የውስጡ ጅማትና ጉዳቱ

በአስኮና በአካባቢው ሜዳዎች ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ብዙዎች ናቸው። ሜዳው ዳገትና ቁልቁለት፣ በክረምትም ጭቃ ስለሚበዛው ከጉዳት ሁሉ የጉልበት ወለምታ ያሠጋል። ስለዚህ ለመምህራንና ለወላጆች ጥቂት ማስረዳት እንወዳለን።

ጉልበት የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት፣ ከፊቱም ሎሚ የምትባለው አጥንት የተቀመጠችበት መገጣጠሚያ ነው። የሁለቱ አጥንቶች ጫፍ እርስ በርሱ አጥብቆ የሚገጥም ስላልሆነ፣ ጉልበት ጸንቶ የሚቆመው ይልቁንም በጅማትና በጡንቻ ብርታት ነው። ከጅማቶቹ አንዱ በውስጥ በኩል፣ ማለት ሁለቱ ጉልበቶች በሚተያዩበት ጎን ይገኛል። እርሱም ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ርዝመቱ 10 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ከጭን አጥንት ጫፍ ተነሥቶ ከመገጣጠሚያው በታች ወርዶ በቅልጥም አጥንት ላይ ይጣበቃል። ከሥሩ አጭር ንጣፍ አለ፤ ይህም በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ከሚያገለግለው፣ የጨረቃ ቅርጽ ካለው ልም አጥንት ጋር የተያያዘ ነው። የጅማቱ ዋና ሥራ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይጣመም መከልከል ነው።

እንግዲህ እግር መሬት ረግጦ ሳለ ጉልበቱ ከውጭ በኩል ቢመታ፣ ወይም ጫማው በጭቃ ተይዞ ሰውነት ቢዞር፣ የውስጡ ጅማት ከዐቅሙ በላይ ይለጠጣል። ጉዳቱ በሦስት ደረጃ ይከፈላል፤ መለጠጥ ብቻ፣ በከፊል መበጠስ፣ ፈጽሞ መበጠስ። የመጀመሪያው በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይሽራል፤ የመጨረሻው ግን 6 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ደግነቱ፣ ይህ ጅማት ደም በሚገባ ስለሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል።

የተጎዳው ልጅ ጨዋታውን ወዲያው ይተው። («ወንድ ልጅ ያነክሳል እንዴ?» እያሉ ወደ ሜዳ የሚመልሱት ጓደኞቹ ትንሹን ጉዳት ትልቅ ያደርጉታል።) አጋድመው እግሩን በትራስ ከፍ ያድርጉለት፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ የነካ ጨርቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያኑሩበት፤ በየጥቂት ሰዓቱም ይድገሙት።

የወጌሻዎችን ልምድ ለማቃለል አንሻም። ነገር ግን አዲስ ያበጠን ጉልበት ማሸት እብጠቱን ያብሳል፤ አጥብቆ ማሰርም ከሁሉ የከፋ ነው። በአገራችን እስሩ ደም አቋርጦ እግራቸው የተቆረጠ ሕመምተኞች አሉ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እስሩ ሳይዘገይ ይፈታ፤ ልጁም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

መቆም ካቃተው፣ ጉልበቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካበጠ፣ ሲራመድ ከከዳው ወይም አልዘረጋ ካለው፣ በመካከል ያለው ጅማት ወይም ልም አጥንቱ አብሮ ተጎድቶ ይሆናልና ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ይወሰድ። ከሕክምናው በኋላ የጭኑን ጡንቻ በእንቅስቃሴ ያጠንክር፤ ወደ ሜዳም የሚመለሰው ጉልበቱን ያለ ሕመም አጥፎ ሲዘረጋና ሳያነክስ ሲሮጥ ነው።