የዋህነት ደመወዝ ሲያሳንስ፦ ስብእና፣ ስሜታዊ ብልኅነትና የወጣት ሠራተኞች ክፍያ

በአንድ የገጠር ደብር የውኃ ፕሮጀክት ሁለት ወጣቶች በእኩል የትምህርት ደረጃ ለተመሳሳይ ሥራ ተቀጠሩ። አንደኛው ከልማት ኮሚቴው ጋር ተነጋግሮ ደመወዙን አስጨመረ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገው ሁለተኛው ግን «እናንተ ያላችሁት ይበቃኛል» አለ። የደመወዝ መክፈያ ሰነዱን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። ልዩነቱን እያየሁ የዝምተኛውን ትሕትና አመስግኜ አለፍሁ። ከዓመት በኋላ ወጣቱ የባልደረባውን ደመወዝ ሰማ፤ አንዳች ሳይናገርም ሥራውን ለቀቀ።

ይህ በአንድ ደብር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። የሥነ ልቡና ሊቃውንት ስብእናን በአምስት ዐበይት ጠባያት ይገልጹታል፤ እነርሱም አዲስ ነገርን ለመቀበል መዘጋጀት፣ ትጋትና ጥንቃቄ፣ ተግባቢነት፣ ገርነት፣ እንዲሁም ለጭንቀት ተጋላጭ መሆን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ገርነት በተለይ በወንዶች ዘንድ ከዝቅተኛ ገቢ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ገሮች ሰነፎች አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ ግን ስለ ራሳቸው ጥቅም ለመከራከር ያፍራሉ።

ስሜታዊ ብልኅነት ከገርነት ይለያል። ፒተር ሳሎቬይና ጆን ማየር እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳብራሩት፣ የራስንና የሌላውን ስሜት ማስተዋል፣ መለየት፣ ለሐሳብና ለተግባር መምሪያ ማድረግ ነው። ስለዚህ ገር ሰው ይህን ብልኅነት ሊማር ይችላል፤ ሳይቆጣና ሳይፈራ የሚገባውን መጠየቅ ይለምዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት፣ በኮሌጅ ሳሉ በዚህ ችሎታ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙ ተማሪዎች ከዐሥር ዓመት በኋላ የተሻለ ደመወዝ እንደ ነበራቸው አሳይቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ የሚመራቸው አማካሪ ማግኘታቸው ነበር።

እንግዲህ ሰበካ ጉባኤያትና የልማት ኮሚቴዎች ሦስት ነገሮችን ማድረግ ይገባቸዋል። በመጀመሪያ፣ የሥራ መደቡ ደመወዝ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ክፍያው በአመልካቹ ድፍረት ወይም ዝምታ አይለካ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ወጣት ሠራተኛ ልምድ ያለው ሰው በመካሪነት ይመደብለት። ሦስተኛ፣ ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን የዋህነትን ሲያስተምሩ ከፍርሃት ይለዩት። ሙሴ ከሰው ሁሉ ይልቅ የዋህ እንደ ነበረ ተጽፏል፤ እርሱ ግን በፈርዖን ፊት ቆሞ ስለ ሕዝቡ ተናግሯል።

ሐዋርያው ያዕቆብ የሠራተኛን ደመወዝ የሚያስቀሩትን በብርቱ ገሥጿል። ተግሣጹ ሠራተኛው ጮኾ ለጠየቀው ደመወዝ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ያ ወጣት አልጠየቀንም፤ ሰነዱ ግን በእጄ ነበር።