ቧንቧው ራሱ ሲጠጣ

በሴፕቴምበር 1969 (በእነሱ አቆጣጠር ነው) አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዉስተር ከተማ ባለው ሆሊ ክሮስ ኮሌጅ የፉትቦል ተጫዋቾች ተራ በተራ መውደቅ ጀመሩ። ፉትቦል የምለው ያንን የራስ ቁር አጥልቀው የሚላተሙበትን ጨዋታ ነው። ስለዚህ የወደቁት ፈርጣማ ጎረምሶች ናቸው። መጀመሪያ ድካምና ማቅለሽለሽ መጣ፣ ቀጥሎ ትኩሳት፣ ከዚያ የአንዳንዶቹ ዓይን ቢጫ ሆነ፤ እኛ የወፍ በሽታ የምንለው። ሲመረመሩ ከ97 ተጫዋቾችና አሠልጣኞች 90ዎቹ በሄፓታይተስ ኤ ተይዘዋል። ቡድኑ ሁለት ግጥሚያ አድርጎ፣ ሁለቱንም ተሸንፎ፣ የቀረውን ሰርዞ ዓመቱን ዘጋ።

እንቆቅልሹ ምን መሰላችሁ? የከተማዋ ውሃ ተጣርቶና ታክሞ ነው የሚመጣው። በሽታው ደግሞ ኮሌጁን አላዳረሰም፤ ቡድኑን ብቻ መርጦ ነው የያዘው። መርማሪዎቹ ዱካውን ተከትለው የደረሱት ልምምድ ሜዳው ዳር ካለች አንዲት ቧንቧ ነው። ሜዳውን የሚያጠጡት መስመሮች አፋቸው ከመሬት ዝቅ ባሉ ጉድጓዶች ውስጥ ነበር፤ ጉድጓዶቹም ውሃ ይቋጥራሉ። በአካባቢው የሚኖሩ ልጆች እዚያ እየገቡ ይጫወቱ ነበር፤ ከልጆቹ መካከል ደግሞ ሄፓታይተስ ያለባቸው ነበሩ።

ይህ ብቻውን ማንንም አያሳምምም ነበር። ነገር ግን ኦገስት 29 ቀን በአቅራቢያው እሳት ተነሳ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውሃውን በኃይል ሲስቡት የሰፈሩ መስመር ግፊት ወረደ፣ ወረደና ከውጭው አየር ግፊት በታች ሆነ። ያኔ ቧንቧው ውሃ መስጠቱን ትቶ መጠጣት ጀመረ። የጠጣው ጉድጓድ ውስጥ የተቋጠረውን ነው። ልምምድ ያደከማቸው ተጫዋቾች ደግሞ ያንኑ መልሰው ጠጡት። ሄፓታይተስ ኤ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱን ለማሳየት አራት ሳምንት ግድም ይፈጅበታል፤ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ የሆነው ይህ ነው።

እኔን የሚያስገርመኝ ማንም ምንም አለማድረጉ ነው። መርዝ የጨመረ የለም፣ የፈነዳ ቧንቧ የለም። ቧንቧ አቅጣጫ አያውቅም፤ ውሃውን ወደ እኛ የሚያመጣው ግፊት ብቻ ነው። ግፊቱ ሲጠፋ ውሃው ወደተመቸው ይሄዳል። ሾፌሮች ከመኪና ታንክ ቤንዚን በጎማ ሲቀዱ አይታችኋል አይደል? አንዴ በአፍ ሳብ አድርገው ጎማውን ዝቅ ካደረጉት በኋላ ቤንዚኑ ራሱ ሽቅብ ወጥቶ፣ የታንኩን አፍ ተሻግሮ ይወርዳል። የከተማ መስመርም ባዶ ሲሆን ልክ እንደ ሾፌሩ ነው የሚስበው።

እዚህ ላይ የሚገፋው አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ክብደት ውሃን ወደ 10 ሜትር ከፍታ ሊያወጣ ይችላል። አዲስ አበባ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ሳሳ ይላል፤ እዚያ 8 ሜትር አይሞላም። ግን አትጽናኑ፤ ሦስት ሜትርም ከበቂ በላይ ነው። ፎቅ ላይ ባልዲ ውስጥ የተነከረ ጎማ ደግሞ ይህንንም አይፈልግም፤ የባልዲውን አፍ ካለፈ መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት ነው።

ውሃ በመሳብ ብቻ ሳይሆን በመገፋትም ይመለሳል። ለዚህ ፊንላንድ እንሂድ፤ የስልኩ ኩባንያ ስሙን ወዳገኘባት ኖኪያ ከተማ። በኖቬምበር 2007 የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዋ ውስጥ የታከመ ፍሳሽ የሚሄድበት መስመርና የመጠጥ ውሃ መስመር በአንድ ቫልቭ ተገናኝተው ነበር። ቫልቩ ተከፈተ። የፍሳሹ መስመር ግፊት ስለበለጠ ለሁለት ቀን ያህል 450,000 ሊትር የሚሆን ፍሳሽ ወደ ከተማዋ ቧንቧ ገባ። ኖሮቫይረስ፣ ካምፒሎባክተርና ሌላም ብዙ ጀርም ይዞ ነበር። ከ8,000 በላይ ሰው ታመመ፤ ከተማዋ ያኔ በጠቅላላው 30,000 ግድም ሰው ነበራት። የፊንላንድን ያህል የተደራጀ አገር በአንድ ቫልቭ እንዲህ ሆነ። እነዚህ ሁለት መስመሮች መጀመሪያውኑ መገናኘት አልነበረባቸውም፤ የተዘጋ ቫልቭ ማለት አንድ ቀን የሚከፈት ቫልቭ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ። ከሁሉ የላቀው መከላከያ ምን ይመስላችኋል? ባዶ ቦታ! የእጅ መታጠቢያችሁን ልብ ብላችሁ እዩት፤ የቧንቧው አፍ ከሳህኑ ጠርዝ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። ሳህኑ ሞልቶ ቢፈስ እንኳ ውሃው የቧንቧውን አፍ አይነካውም፤ ቧንቧው መሳብ ቢጀምር የሚያገኘው አየር ብቻ ነው። በሙያው የሚሠራበት ልክ የቧንቧው አፍ ስፋት እጥፍ፣ ቢያንስ ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ክፍተት ነው። አይዝግም፣ መለዋወጫ አይፈልግም፣ ወጪ የለውም። ይህንን ሁሉ ብልሃት በአንድ ጊዜ የሚያፈርሰው ጎማ ነው። ጎማ ሰክታችሁ ጫፉን በርሜል ውስጥ ስትነክሩት ያ ክፍተት ጠፋ፤ በርሜሉ የከተማው መስመር አካል ሆነ።

ክፍተት መተው በማይቻልበት ቦታ መሣሪያ ይገባል። ቀላሉ ቼክ ቫልቭ ነው፤ ውሃን በአንድ በኩል ብቻ ያሳልፋል፣ ግን አሸዋ ከያዘው አይገጥምም። ኬሚካል ለሚነካ ፋብሪካ ወይም ሬሳ ለሚታጠብበት ቤት ይህ አይበቃም። እዚያ የሚገጠመው ሁለት ቼክ ቫልቭ፣ በመካከላቸው ደግሞ ማፍሰሻ ያለው ዓይነት ነው፤ ቫልቮቹ ካፈሰሱ ውሃውን ወደ መስመር ከመመለስ ይልቅ ወለል ላይ ይደፋዋል። ወለሉ ሲረጥብ «ተበላሸ» ብሎ ማፍሰሻውን የሚደፍን ሰው አይጠፋም፤ መሣሪያው ግን ሥራውን እየሠራ ነው። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች በዓመት አንድ ጊዜ እንዲፈተሽ ያስገድዳሉ።

«ክሎሪን አለ አይደል?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። አለ፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከአንድ ሚሊ ግራም ያነሰ ነው የሚቀረው። ጥቂት ጀርም ይገድላል፤ ባልዲ ሙሉ ፍሳሽ ሲገባ ወዲያው ያልቃል። ፀረ ተባይ ኬሚካል ከገባ ደግሞ አትተማመኑበት።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ላለን ይህ ጉዳይ የሩቅ አይደለም። እሳት እስኪነሳ አንጠብቅም፤ መስመራችን ተራው ባለፈ ቁጥር ባዶ ይሆናል። ቧንቧው የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ ዙሪያው ያለውን የአፈር ውሃ ያስገባል፣ ያ አፈር ደግሞ አንዳንዴ የሽንት ቤት ጎረቤት ነው። ውሃውን ቀጥታ ከመስመሩ የሚስብ ፓምፕ ያለው ቤት ይህንን ያባብሰዋል፤ ለራሱ ሲጎትት ለጎረቤቱ ቆሻሻ ይጎትትለታል። ሮቶው ማታ ሞልቶ ጠዋት ባዶ የሚያገኘው ሰው ደግሞ ሌባ ከመጠርጠሩ በፊት መግቢያ ቧንቧውን ቢያይ ይሻለዋል፤ ቧንቧው እስከ ታች ገብቶ ውሃ ውስጥ ከተነከረና ቼክ ቫልቭም ከሌለው፣ ውሃው ወደ መንገዱ መስመር ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ቆጣሪው ወደ ኋላ ሲዞር ካያችሁ በሂሳቡ አትደሰቱ፤ ምልክቱ እሱ ነው።

ዱባይም ሆነ ጅዳ ያላችሁ፣ አዲስ አበባም ያላችሁ፣ ሽንት ቤት አጠገብ ያለችውን የእጅ መርጫ መስቀያዋ ላይ ስቀሏት እንጂ ሳህኑ ውስጥ አትጣሏት፤ ከተጠቀማችሁ በኋላም ውሃዋን ከግድግዳው ዝጉ። የብሪታንያ ደንብ የውሃን ብክለት በአምስት ደረጃ ሲከፍል የሽንት ቤት ሳህን ያለው በመጨረሻውና በከፋው፣ በአምስተኛው ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ጎማውን ከበርሜሉ አውጡ። ሮቶው ላይ ወጥታችሁ መግቢያው ከትርፍ ውሃ ማፍሰሻው በላይ መሆኑን እዩ፤ ካልሆነ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩና አስቆርጡት፣ ቼክ ቫልቭም አስገጥሙ።