ቆጠራው ከየት ይነሣል? የካንሰር ቀዶ ሕክምና ጥበቃና ቁጥሮቹ

ብዙዎቻችን ከእናት ከአባታችን ጎን ተቀምጠን ሐኪም ፊት አስተርጉመናል። ሐኪሙ «ቀዶ ሕክምናው በአራት ሳምንት ውስጥ ይደረጋል» ይላል፤ እኛም እንደወረደ እናደርሳለን። እናት ግን ቀኑን የምትቆጥረው እብጠቱን በእጇ ዳብሳ ካገኘችበት ጠዋት ጀምራ ነው። ሐኪሙ አልዋሸም፣ እሷም አልተሳሳተችም። ቆጠራቸው የተነሣበት ቀን ነው የሚለያየው።

ይህን ልዩነት በደንብ የምታሳየው እንግሊዝ ናት። የሕዝብ ጤና አገልግሎቷ (ኤን ኤች ኤስ) የካንሰር ጥበቃን በየወሩ ያወጣል። ከኦክቶበር 2023 ወዲህ መለኪያዎቹ ሦስት ናቸው። 28 ቀን፣ ከአጣዳፊ ሪፈራል እስከ «ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» እስኪባል። 31 ቀን፣ ሕክምናው ከተወሰነበት ቀን እስከ ሕክምናው። 62 ቀን ደግሞ ከሪፈራሉ እስከ መጀመሪያው ሕክምና።

አንዲት ሴት የቤተሰብ ሐኪሟን ለማግኘት 21 ቀን ጠበቀች እንበል። ሐኪሟ ባያት ቀን ሪፈራል ጻፈላት። ምርመራውና ባዮፕሲው አልቆ በ40ኛው ቀን ለቀዶ ሕክምና ተስማማች፤ በ66ኛው ቀን ተደረገላት። በ31ዱ መለኪያ የጠበቀችው 26 ቀን ነው፤ ሆስፒታሉ አልፏል። በ62ቱ 66 ቀን ነው፤ ወድቋል። በእሷ ቆጠራ 87 ቀን ነው፤ ይህ ቁጥር ግን በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይወጣም።

«የመጀመሪያ ሕክምና» ሁልጊዜ ቀዶ ሕክምና ማለት አይደለም። ለአንዳንድ የጡት ካንሰር ሐኪሞች ሆን ብለው ኬሞቴራፒ ያስቀድማሉ፤ የ62ቱ ቆጠራም ኬሞው በጀመረበት ቀን ይቆማል። ቀዶ ሕክምናው ከወራት በኋላ ቢሆን በዕቅድ ነው እንጂ በወረፋ ብዛት አይደለም። ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት ብዙ ጭንቀት ይቀንሳል።

ቆጠራው ወደ ኋላ የሚመለስበት ጊዜም አለ። በእንግሊዝ ደንብ ታማሚዋ የመጀመሪያ ቀጠሮዋ ላይ ካልተገኘች፣ ቀኑ የሚቆጠረው ቀጠሮውን እንደገና ካስያዘችበት ዕለት ነው። ይህን ስናነብ የአንዷ ጓደኛችን አያት ትዝ አሉን። ቶሩ የተነገራቸው በዕብራይስጥ የስልክ መልእክት ነበር፤ የልጅ ልጃቸው እስክታየው ቀኑ አልፎ ነበር። እንዲህ ያለው መዘግየት በወረቀት ላይ የታማሚው ጥፋት ይመስላል።

ደግሞ ወርኃዊው መቶኛ የሚቆጥረው በዚያ ወር የታከሙትን ብቻ ነው። ገና ወረፋ ላይ ያሉት የሉበትም። ስለዚህ አንድ ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ የቆዩትን አንሥቶ ቢያክም የዚያ ወር ቁጥሩ ይበላሻል፤ መልካም በሠራበት ወር መጥፎ ይመስላል።

አማካይም ያታልላል። ከአሥር ሰዎች ስምንቱ 20 ቀን፣ ሁለቱ 100 ቀን ቢጠብቁ አማካዩ 36 ነው፤ 36 ቀን የጠበቀ ግን ማንም የለም። በተርታ ስናስቀምጣቸው መሐል ላይ ያለው ቁጥር 20 ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ በስንት ቀን ውስጥ እንደታከሙ ከጠየቅን ግን መልሱ 100 ነው። የካናዳ ሪፖርቶች እነዚህን የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያሳያሉ፤ እኛም የምንመርጠው ይህን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1994 የወጣው የጤና መድን ሕግ አገልግሎቱ በተመጣጣኝ ጊዜና ርቀት እንዲሰጥ ያዛል። «ተመጣጣኝ» ስንት ቀን እንደሆነ ግን ሕጉ ራሱ አይቆርጥም። ስለዚህ ቀኑን እኛው እንያዝ፦ ሃፍናያው የተጻፈበት፣ ባዮፕሲው የተወሰደበት፣ ውጤቱ የተነገረበት፣ ቀዶ ሕክምናው የተወሰነበት፣ ከኩፓት ሆሊም ቶፈስ 17 የተጠየቀበትና የመጣበት። በ1996 የወጣው የታማሚ መብት ሕግ የሕክምና መዝገብን ቅጂ የማግኘትና የሌላ ሐኪም አስተያየት የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ቀኖቹ ከጠፉብን ከመዝገቡ ይገኛሉ።

ሐኪሙ ወይም ጸሐፊዋ «አራት ሳምንት» ካሉ፣ ከማስተርጎማችን በፊት «ከየትኛው ቀን ጀምሮ?» ብለን እንጠይቅ፤ ለእናታችንም መልሱን ከነቀኑ እንንገራት።