ማሽላና የዱር ዘመዱ

ኡም ራኩባ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት ውስጥ የምትገኝ ሥፍራ ናት። ከኢትዮጵያ ወሰን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸው፣ እንደገናም በ2020 መጨረሻ ከትግራይ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በዚህች ሥፍራ ተጠልለዋል። አካባቢው ሰፊ ሜዳ ነው። አፈሩም በክረምት ሲረጥብ የሚያጣብቅ፣ በበጋ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር መረሬ ነው። በገዳሪፍ ሜዳ በብዛት የሚዘራው እህል ማሽላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በትራክተር የሚታረስ እርሻ ተስፋፍቶበታል።

በእነዚህ ማሳዎች ውስጥ ገበሬው ያልዘራው ሌላ ማሽላ አብሮ ይበቅላል። ይኸውም የዱር ማሽላ ነው። ቡቃያው ከእርሻው ማሽላ ቡቃያ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ አራሚው አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። አረም ነው ብሎ የነቀለው እህሉ፣ እህል ነው ብሎ የተወውም አረሙ ሊሆን ይችላል። ሳይነቀል የቀረው የዱር ማሽላ የእህሉን ውሃና ምግብ ይሻማል፤ ፍሬውንም ከአጨዳ በፊት በማሳው ላይ አርግፎ ለከርሞ ራሱን ይዘራል። ከዚህም በላይ ሁለቱ ማሽላዎች ነፋስ በሚያመጣው የአበባ ብናኝ ይዳቀላሉ፤ ዲቃላውም የሁለቱን ጠባይ ስለሚይዝ ችግሩን ያብሰዋል። እንግዲህ የሣርን ዓይነት ለይቶ ማወቅ የሳይንቲስት ሥራ ብቻ ሳይሆን፣ ለገበሬም የእንጀራ ጉዳይ ነው።

አንድን ሣር ለመለየት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተክሉ በእርግጥ ሣር መሆኑን ማረጋገጥ ይገባዋል፤ ሣር የሚመስል ሁሉ ሣር አይደለምና። ለምሳሌ ያህል፣ እንግጫ ሣር ቢመስልም የሌላ ቤተሰብ አባል ነው። የእንግጫ አገዳ ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ በጣት ሲሽከረከር ጠርዙ ይታወቃል፤ ቅጠሎቹም በሦስት ረድፍ ይወጣሉ። የሣር አገዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክብ ነው፤ አንጓ አለው፤ ቅጠሎቹም ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ በሁለት ረድፍ ይወጣሉ። የቅጠሉ ሥር እንደ ሰገባ ሆኖ አገዳውን ያቅፋል። ሰገባውና ቅጠሉ በሚገናኙበት ቦታ ስስ ሽፋን ወይም የጸጉር ረድፍ ይታያል፤ ይህም ምልክት ገና አበባ ያላወጣን ሣር ለመለየት በጣም ይረዳል። በዚህ መለኪያ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ሰርዶና ቀርከሃ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ቤተሰቡ ከታወቀ በኋላ ወገኑንና ዝርያውን መለየት ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ቁመትና ቀለም አያስተማምኑም፤ አንዱ ሣር በለም መሬት ሲረዝም በጭንጫ ላይ ይቀጭጫልና። ስለዚህ ተመራማሪዎች በይበልጥ አበባውንና ፍሬውን ይመረምራሉ። የዱር ማሽላ ዛላ የተበተነ፣ ፍሬውም ትንሽና በሽፋኑ ውስጥ የተደበቀ ነው። የእርሻው ማሽላ ፍሬ ግን ተለቅ ያለ ነው፤ በብዙዎቹ ዓይነቶችም ከሽፋኑ ወጥቶ ይታያል። ዋናው ልዩነት የሚገኘው ግን ፍሬው ከዛላው ጋር በተያያዘበት ቦታ ላይ ነው። የዱሩ ፍሬ ሲበስል በራሱ ተላቆ ይረግፋል፤ የተላቀቀበትም ጠባሳ ለስላሳ ነው። የእርሻው ግን ካልተወቃ አይለቅም፤ ሲወቃም ተቀንጥሶ ስለሚለይ ጠባሳው ሻካራ ይሆናል። ይህም ልዩነት የሰው ሥራ ውጤት ነው። የጥንት ሰዎች ሳይረግፍ የቆየውን ፍሬ እየሰበሰቡ መልሰው በመዝራታቸው፣ የማይረግፈው ዓይነት በማሳቸው ውስጥ ቀስ በቀስ በዝቷል።

ለዚህ ማስረጃው የተገኘው ከገዳሪፍ በስተ ሰሜን፣ በካሰላ አካባቢ ነው። በዚያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ሸክላ ሲሠሩ የማሽላ ገለባ ከጭቃው ጋር ይቀላቅሉ ነበር። ገለባው በእሳት ቢጠፋም ቅርጹ በሸክላው ላይ ታትሞ ቀረ። ተመራማሪዎች የዚህን ቅርጽ ምስል ወስደው በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ መረመሩት። እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳስታወቁትም፣ ከ5000 ዓመት በፊት በዚያ ሥፍራ ለስላሳ ጠባሳ ያለው ማሽላና ሻካራ ጠባሳ ያለው ማሽላ አብረው ይገኙ ነበር። ይህም የማሽላ ልመድ ገና በሂደት ላይ እንደነበረ ያሳያል።

ማሽላ በአማርኛ «ማሽላ»፣ በትግርኛ «መሸላ»፣ በሱዳን ዓረብኛ «ዱራ» ይባላል። ሣር የአገር ወሰን አያውቅም፤ ስሙ ግን በየቋንቋው ይለያያል። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ለእያንዳንዱ ዝርያ አንድ የጋራ ስም ሰጥተዋል፤ የማሽላው «ሶርገም ባይከለር» ነው። የየአገሩን ዕፅዋት የሚዘረዝሩ መጻሕፍትም ተዘጋጅተዋል። የሱዳንን ሣሮች የያዘው የአንድሩስ መጽሐፍ 3ኛ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1956 ታትሟል። ለኢትዮጵያና ለኤርትራ ደግሞ በሲልቪያ ፊሊፕስ የተዘጋጀው 7ኛ ቅጽ በ1995 ወጥቷል። እነዚህን የመሳሰሉ መጻሕፍት የመለያ ቁልፍ አላቸው። ቁልፉ «ፍሬው ጢም አለው ወይስ የለውም?» እንደሚሉት ያሉ ጥንድ ምርጫዎችን በተራ እያቀረበ አንባቢውን ወደ ትክክለኛው ስም ይመራዋል።

የዱር ማሽላ በማሳ ውስጥ አረም ቢሆንም ከናካቴው ሊጠፋ የሚገባው ተክል አይደለም። ድርቅንና በሽታን የሚቋቋሙ አዳዲስ የማሽላ ዓይነቶችን ለማዳቀል የሚያገለግል ጠባይ በውስጡ ሊገኝ ይችላል። በሌላ በኩል ለጋ የማሽላ ቡቃያ፣ በተለይ ድርቅ ያጠቃው፣ ከብት የሚገድል መርዝ ሊኖረው ስለሚችል፣ ቡቃያውን ከሌላው ሣር የሚለይ እረኛ ከብቶቹን ከሞት ያድናል። ሣርን በስሙ ማወቅ የሚነቀለውን፣ የሚጠበቀውንና የሚሸሸውን ለይቶ ማወቅ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. በአረም ጊዜ የዱር ማሽላን ከእርሻው ማሽላ መለየት ለምን ያስቸግራል?
2. እንግጫ ከሣር በምን በምን ይለያል?
3. በሸክላ ላይ የታተመው ገለባ ስለ ማሽላ ልመድ ምን አስረዳ?
4. «የእንጀራ ጉዳይ» የሚለው አነጋገር በምንባቡ ውስጥ ምን ትርጉም አለው?